የእንጨትና የውሃ ሕግ፤ ስለ ነገሥታቱ የድንኳን ሰፈር

የኢትዮጵያን ታሪክ በድንጋይ ሕንጻ ብቻ የሚለካ ሰው አክሱምን አይቶ፣ የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ተሳልሞ፣ የጎንደርን ግንቦች ጎብኝቶ ሲያበቃ፣ ከዛጉዌ ነገሥታት ማለፍ እስከ ጎንደር መቆርቆር ድረስ ያለው ከሦስት መቶ ስድሳ ዓመት የሚበልጥ ዘመን፣ ቤት ያልታነጸበትና ሥርዓት ያልጸናበት ባዶ ዘመን መስሎ ይታየዋል። ይሁን እንጂ ዐፄ ዓምደ ጽዮን ግዛታቸውን ያሰፉት፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የሃይማኖቱንና የመንግሥቱን ሥርዓት የደነገጉት፣ ሊቃውንቱም ብዙውን የግዕዝ መጽሐፍ የደረሱትና የተረጐሙት በዚሁ ዘመን ነው። የዚያ ዘመን ቤተ መንግሥት ፍርስራሹ ለዓይናችን ያልተረፈበት ምክንያት፣ ዙፋኑ በድንኳን ሥር ተዘርግቶ ከወንዝ ወደ ወንዝ፣ ከደን ወደ ደን ይጓዝ ስለ ነበረ ነው።

ስለዚህ ተጓዥ ቤተ መንግሥት ጦርና ዘመቻ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ማዕረጉና ስለ ክብሩም እንዲሁ። የሰፈሩን ዕድሜ የሚወስኑት ግን ሁለት ተራ ነገሮች ነበሩ፤ እነርሱም እንጨትና ውሃ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ በወደዱት ስፍራ ድንኳናቸውን ሊያስተክሉ ሥልጣን ነበራቸው፤ በዚያ ስፍራ የሚቆዩበትን ጊዜ የሚቈርጠው ግን ምንጩና ዱሩ ነበረ። ይህን ሕግ ያወቀ ሰፈር ሰንብቶ በደኅና ይነሣ ነበር፤ የዘነጋው ደግሞ አገሩን አራቁቶ፣ ራሱም ተቸግሮ ይሰደድ ነበር። የዛሬው ሰውም በሐይቅ ዳር ወይም በደን ውስጥ ድንኳን ተክሎ ለማደር ሲወጣ፣ ሳያውቀው ወደዚህ ወደ ጥንቱ ሕግ ይገባልና፣ ታሪኩን ማወቁ የሚጠቅመው ይመስለኛል።

ነገሥታቱ በአንድ ስፍራ ያልረጉት ስለ ምን እንደ ሆነ መመርመር ይገባል። ግዛቱ ሰፊ፣ ምድሩም በአምባና በገደል፣ በዐባይና በተከዜ ሸለቆ የተከፋፈለ ስለ ነበረ፣ መኳንንቱን ለመቈጣጠር፣ የተጣላውን ለማስታረቅ፣ የሸፈተውን ለመቅጣት የንጉሡ ፊት በየአውራጃው መታየት ነበረበት። ከዚህም ሌላ የሚበዛው ግብር የሚገባው በእህል፣ በማርና በከብት ነበረ፤ መንኰራኵር በማይሄድበት አገር ይህን ሁሉ በአጋሰስና በሰው ጫንቃ ከሩቅ ማጓጓዝ አድካሚ ስለ ሆነ፣ እህሉ ወደ ንጉሡ ከሚሄድ ንጉሡ ወደ እህሉ ቢሄድ ይቀል ነበር። እንግዲህ በጋው የጉዞና የዘመቻ ጊዜ ነው፤ ሰኔ ሲገባና ወንዞች ሲሞሉ ሰፈሩ ደጋ ላይ ምቹ ስፍራ ተመርጦለት ይከርማል። ዜና መዋዕል ጸሐፊዎች፣ ለምሳሌ የዐፄ ሠርጸ ድንግልን ታሪክ የጻፈው ሊቅ፣ ንጉሡ በየዓመቱ የት እንደ ከረሙ በጥንቃቄ የሚመዘግቡት፣ የክረምቱ ሰፈር የዓመቱ ርእሰ ከተማ ስለ ነበረ ነው።

የዚህን ሰፈር መልክ በስፋት ከተረኩልን የውጭ አገር ሰዎች የመጀመሪያው ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመነ መንግሥት በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ነው። በእርሱ ምስክርነት መሠረት የሰፈሩ ድንኳን ከአምስት እስከ ስድስት ሺህ ይደርስ ነበር፤ በቅሎውም በብዙ አሥር ሺህ የሚቈጠር ነበረ። ከብዛቱ ይልቅ ግን የሚያስደንቀው የአሰፋፈሩ ሥርዓት ነው። የንጉሡ ድንኳን ከሁሉ ከፍ ባለው ስፍራ ይተከላል፤ የድንኳን አብያተ ክርስቲያናት፣ ማድ ቤቱ፣ የፍርድ ድንኳኑ፣ የግራና የቀኝ መኳንንት ሰፈር፣ ገበያውም ሳይቀር እያንዳንዱ የታወቀ ስፍራ ነበረው። ይህ አቀማመጥ ሰፈሩ ወደየትም ቢዛወር አይለወጥምና፣ ዛሬ በሸዋ ነገ በአምሐራ ያደረ ሰው በማያውቀው ሜዳ ላይ የጌታውን ድንኳን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ፣ የገበያውንም ስፍራ ሳይጠይቅ ያገኝ ነበር። በጉዞ ጊዜም ታቦታቱን ካህናት ተሸክመው፣ ዲያቆናት ጥናና ቃጭል ይዘው በፊታቸው ሲሄዱ፣ መንገደኛው ሁሉ ከመንገድ ይወጣል፣ በቅሎ የተቀመጠውም ይወርዳል።

የጦር ማዕረጎቻችን ራሳቸው ይህን የሰፈር ሥርዓት የሚያስታውሱ ናቸው። ፊታውራሪው ከዋናው ጦር ቀድሞ ይጓዛል፤ ቀኝ አዝማቹ በቀኝ፣ ግራ አዝማቹ በግራ፣ ደጀኑም በስተ ኋላ ይሆናሉ፤ ሲሰፍሩም በዚያው በተጓዙበት ተራ ይሰፍራሉ። ስለዚህ ሰፈሩ ጠላት በየትም በኩል ቢመጣበት ሳይደናገር ሊዋጋ የሚችል ነበረ። ነጋሪት ሲጐሰም ድንኳኑ ይነቀላል፤ ትናንት ፍርድና ግብር፣ ቅዳሴና ገበያ የነበረበት ሜዳ በማግሥቱ ጉልቻና አመድ ብቻ ይቀርበታል። ድንኳን የሌለው ወታደር ደግሞ ከዛፍ ቅርንጫፍና ከሣር ጎጆ ቀልሶ ያድራል፤ ክረምቱን የሚቆይ ከሆነም ጎጆውን አጥብቆ ይሠራል። የድንኳን ከተማ የምንለው እንግዲህ በአብዛኛው የሣር ከተማ ነበረ፤ እሳት ከያዘውም በጥቂት ጊዜ ውስጥ ያልቅ ነበር።

ይህን ሁሉ ሕዝብ በየዕለቱ ያኖረው ማን ነበር ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ በነገሥታቱ ዜና ውስጥ ስማቸው ያልተጻፈው እንጨት ለቃሚዎች፣ ውሃ ቀጂዎች፣ ሣር አጫጆችና ከሁሉም በላይ ሴቶች ናቸው። ሰፈሩ ቦታው እንደ ደረሰ ወንዱ ድንኳን ሲተክልና በቅሎ ሲያራግፍ፣ ሴቶቹ ማሰሮአቸውንና እንስራቸውን አውርደው ወደ ምንጩ ይወርዳሉ፤ ሌሎቹ ወደ ዱሩ ገብተው ጭራሮ ይለቅማሉ፤ ጀምበር ሳትጠልቅ ጉልቻው ተጎልቶ፣ እሳቱ ተያይዞ፣ ቂጣው ተጋግሮ መገኘት አለበት። ወታደሩ ለራሱ የሚይዘው ስንቅ በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ ነበረ፤ ይህም እሳት ሳይነድ የሚበላ በመሆኑ ለጉዞው ብቻ ሳይሆን ለዱሩም ይበጅ ነበር። ሰፈሩ በአንድ ስፍራ ሲሰነብት ግን በሶው ያልቅና ትኩስ እንጀራ፣ ወጥ፣ ጠላና ጠጅ ይፈለጋል፤ ጌሾው ሲወቀጥ፣ ጋኑ ሲታጠን፣ ሥጋው ሲጠበስ ማገዶው ከቀን ወደ ቀን ይበዛል፤ ለቃሚውም ከቀን ወደ ቀን ወደ ሩቅ ይሄዳል። የሰፈሩ ዕድሜ የሚለካው በዚህ ርቀት ነበረ፤ ጧት የወጣች እንጨት ለቃሚ እስከ ቀትር ድረስ ካልተመለሰች፣ ነጋሪቱ የሚጐሰምበት ቀን መቅረቡን ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር ለማለት ይቻላል።

ቦታ መምረጥ እንግዲህ ታላቅ ጥበብ ይጠይቅ ነበር። ሰፈሩ ውሃ አጠገብ መሆን ይገባዋል፤ በውሃው አፍ ላይ ግን መሆን አይገባውም፤ ረግረግ ያለበት ዝቅተኛ ስፍራ ለከብት ሣር ቢሰጥም ለሰው ብርድና ደዌ ይሰጣልና። የባላገሩም ልማድ ውሃን በተራ መከፋፈል ነው፤ ለመጠጥ የሚቀዳው ከላይ፣ ከብት የሚጠጣው ከእርሱ በታች፣ ልብስ የሚታጠበው ከሁሉ በታች ይሆናል። የደጋ ሰው በተለይ ክረምት ሲወጣ በቆላና በሐይቅ ዳር ማደርን አጥብቆ ይፈራ ነበር፤ ወባ በትንኝ እንደሚተላለፍ ሳይንስ ከማስረዳቱ ከብዙ ዘመን በፊት፣ ንዳድ የሚይዘው በቆላ የሚያድረውን መሆኑን በልምድ ያውቅ ነበርና፣ ቀን ወርዶ ጉዳዩን ፈጽሞ ማታ ወደ ደጋው ይመለስ ነበር።

በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ወደ አገራችን የመጣው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ማኑኤል ደ አልሜይዳ፣ ሰፈሩ ከቦታ ቦታ የሚዛወርበትን ምክንያት ሲያስረዳ ዋናው የማገዶ እጥረት መሆኑን ጽፏል፤ ሰዎቹ ይቈርጣሉ፣ የቈረጡትን ግን መልሰው አይተክሉም የሚል ነው ቃሉ። በሃይማኖት ጕዳይ ይህ ካህንና ጓደኞቹ በአገራችን ላይ ያመጡት ሁከት የማይረሳ ቢሆንም፣ ይህን በሚመለከት ግን ያየውን እውነት ስለ መሰከረ ልንነቅፈው አይገባንም። ሰፈሩ ለደኑ ሁለት ዓይነት ጠባይ ነበረው። ቶሎ ሲነሣ ምድሩን ያሳርፍ ነበር፤ ሣሩ በዓመቱ፣ ቍጥቋጦው በጥቂት ዓመት፣ ጽዱም በትውልድ ይመለስ ነበርና፣ ጉዞው ራሱ ለደኑ ምሕረት ነበረ። በአንድ ስፍራ ሲዘገይ፣ ወይም ሳይውል ሳያድር ወደ ለቀቀው ስፍራ ሲመለስ ደግሞ ምሕረቱ ወደ ጥፋት ይለወጥ ነበር።

ይህን ስናወሳ የባላገሩን መከራ መዘንጋት ግፍ ይሆናል። ሰፈሩ ባረፈበት አገር ያለው ገበሬ ለንጉሡ ድርጎ ያገባል፣ ለወታደሩ ቤቱን ይለቃል፣ ሣሩን ያሳጭዳል፤ የቤቱ ማገርና የአጥሩ እንጨት ሳይቀር ለማገዶ የሚወሰድበት ጊዜ ነበረ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ ከጫኑ በኋላ ወታደሩ ገበሬውን እንዳይዘርፍ፣ ገበሬው ወደ እርሻው፣ ነጋዴውም ወደ ንግዱ እንዲመለስ ማወጃቸው፣ ይህን የቆየ ቍስል ተመልክተው ነበር። በዘመናቸው ፍጻሜ ግዛታቸው ሲጠብና ሠራዊታቸው ሲራብ ግን የእርሳቸውም ሰፈር ደምቢያንና በጌምድርን አራቈተ፤ ቀለብ የሌለው ሰፈር በአዋጅ ብቻ ከዝርፊያ እንደማይገታ የርሳቸው ታሪክ በኀዘን ያስተምረናል።

ከነገሥታቱ መካከል በአንድ ስፍራ መርጋትን አስቀድመው የሞከሩት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። በሰማይ ላይ ብርሃን ታየበት በተባለው በደብረ ብርሃን ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አሠርተው፣ ከዐሥር ዓመት በላይ በዚያ ተቀመጡ፤ በ1460 ዓ.ም. ያረፉትም በዚያው ነው። እንደ ትውፊቱ አነጋገር የመናገሻን ደን ከወፍ ዋሻ በመጣ የጽድ ዘር ያስተከሉም እኒሁ ንጉሥ ናቸው። ትውፊቱ ከታሪክ ጋር ምን ያህል ይስማማ ይሆን ብሎ መመራመር የሊቃውንት ተግባር ነው፤ የሕዝቡ ትዝታ ግን ለመርጋት የሞከረውን ንጉሥና ዛፍ ያስተከለውን ንጉሥ አንድ ሰው አድርጎ መያዙ ታላቅ ማስተዋል አለበት። በአንድ ስፍራ ሊኖር የሚወድ ሁሉ ሊተክል ይገባዋልና። ልጃቸው ዐፄ በእደ ማርያም ግን አባታቸው የጀመሩትን መርጋት ትተው፣ እንደ ቀደሙት አባቶች ወደ ጉዞው ተመለሱ።

በኋላም ግራኝ አሕመድ የሸዋንና የአምሐራን አገር ካጠፋ፣ ከዚያም የኦሮሞ ሕዝብ እንቅስቃሴ የአገሩን አሰፋፈር ከለወጠ ወዲህ፣ የነገሥታቱ ሰፈር ወደ ጣና ሐይቅ አካባቢ አዘነበለ። ይህ ምርጫ በዘፈቀደ የተደረገ አልነበረም። ጣና ዓሣውና ጨው አልባ ውሃው የማይጐድል፣ የደምቢያና የፎገራ ሜዳ እህልና ሣር የሞላበት፣ ደሴቶቹም ለቅዱሳት መጻሕፍትና ለነገሥታት ዐፅም መጠጊያ የሆኑ ናቸው፤ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዐፅም ዛሬም በዳጋ እስጢፋኖስ ይገኛል። ዐፄ ሠርጸ ድንግል በእንፍራዝ አጠገብ የጉዛራን ግንብ አሠሩ፤ ዐፄ ሱስንዮስም ቆጋን፣ ጎርጎራን፣ አዘዞንና ደንቀዝን በየጊዜው መቀመጫቸው አደረጉ። በእነዚህ ቦታዎች ላይ ግንብ እየተሠራ እንኳ ሰፈሩ መዛወሩን አለመተዉ፣ ከድንኳን ወደ ድንጋይ የሚደረገው ሽግግር ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ነበረ ያሳያል፤ ኖራና ድንጋይ ግንቡን ሊያቆሙት ይችላሉ፤ ግንቡን የከበበው ሕዝብ የሚያነደውን ማገዶ ግን ሊያበቅሉ አይችሉም።

በመጨረሻ ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል ባለው ጉብታ ላይ ጎንደርን ቈረቈሩ። ጎንደር የጸናችው ከሁለት ወንዝ መካከል ስለ ተቀመጠች፣ የሱዳንና የምጽዋ የንግድ መንገዶችም ስለ ተገናኙባት ነው፤ ይሁንና ነገሥታቷ በበጋ ለዘመቻ እየወጡ በድንኳን መኖራቸውን አልተዉም። በከተማይቱ መካከል ጃን ተከል የሚባለው ስፍራና የታወቀው ዋርካው የዚያ የጥንቱ ሥርዓት ምስክር ሆነው ይታያሉ።

ውሃ በጦርነት ምን ያህል እንደሚያስገድድ ደግሞ የዐድዋ ዘመቻ ያስረዳል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ከሸዋ ተነሥተው በወረኢሉና በአሸንጌ ሐይቅ በኩል ወደ ትግሬ ሲዘምቱ፣ የተከተላቸው ሠራዊት ከመቶ ሺህ የማያንስ ነበረ ይባላል። በጥር ወር መቀሌ ላይ በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ የመሸገውን የኢጣሊያ ጦር ጠመንጃና መድፍ ሊያስለቅቀው ባልቻለ ጊዜ፣ በእቴጌ ጣይቱ ምክር ምሽጉ ውሃ የሚቀዳበት ምንጭ ተያዘ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ጠላት ከውሃ ጥም የተነሣ ምሽጉን ለቀቀ። ያው ሕግ በኢትዮጵያውያኑም ላይ ይሠራ ነበር፤ በየካቲት ወር መጨረሻ በዐድዋ የሰፈረው ሠራዊት ስንቁ ተመናምኖ፣ ሊነሣ የተቃረበበት ሰዓት ነበረ። የጠላት ጦር ጥቂት ቀን ቢታገሥ ኖሮ የዐድዋ ድል በሌላ ስፍራና በሌላ ጊዜ በሆነ ነበር። የካቲት 23 ቀን የተገኘው ድል ከጀግንነቱ ጋር፣ ያን ያህል ሕዝብ ለብዙ ወራት በሜዳ ላይ ያኖሩት የሰፈር ጥበበኞችና ስማቸው ያልተጻፈ ሴቶች ድል ጭምር ነው።

የተጓዥ ቤተ መንግሥት ዘመን የተፈጸመውም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፤ አፈጻጸሙም እንደ ጅማሬው በእንጨትና በውሃ ነበረ። እንጦጦ ለጦር የሚመች አምባ ቢሆንም፣ ብርዱ የጸና፣ ውሃው የራቀ፣ ደኑም ሰፈሩን ሊሸከም የማይችል ሆነ። ከተራራው በታች በፊንፊኔ ሜዳ ፍል ውሃ ስለሚፈልቅ፣ ነገሥታቱና መኳንንቱ ለጠበል እየወረዱ በድንኳን ይሰነብቱ ነበር፤ እቴጌ ጣይቱም ስፍራውን ወድደው በ1879 ዓ.ም. በዚያ ቤት አሠሩ፤ ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። ይህች የአፍሪካ መዲና የሆነች ታላቅ ከተማ ታሪኳ በውሃ ዳር በተተከለ ድንኳን ይጀምራል ማለት ነው።

ውሃው የጠራትን ከተማ ግን ዐሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላት የእንጨት እጦት ሊያፈልሳት ተቃረበ። የእንጦጦና የአካባቢው ጽድ ለቤትና ለማገዶ ተቈርጦ ስላለቀ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በ1893 ዓ.ም. ገደማ በስተ ምዕራብ ደን ወደ ነበረበት ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር አስበው፣ በዚያ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። የአባቶቻቸው ልማድ ይህ ነበረና፣ ያሰቡትን ቢፈጽሙ ማንም ባልተደነቀ። በዚያው ዘመን ግን ከአውስትራሊያ የተገኘው ባሕር ዛፍ፣ ሞንዶን ቪዳዬ በተባለ ፈረንሳዊ አማካይነት ገባ እንደሚባለው፣ በአዲስ አበባ መተከል ጀምሮ ነበር፤ ምኒልክም ችግኙ እንዲሰጥና የሚተክለው ሰው ከግብር እንዲድን በማድረግ አስፋፉት። በጥቂት ዓመት ውስጥ ከተማይቱ በዛፍ ተከበበች፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረውም ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ለብዙ መቶ ዓመት እየቈረጠ ሲሄድ የኖረው ሰፈር፣ የቆመው መትከል ሲጀምር ነው። ባሕር ዛፍ ውሃ ይመጣል፣ ሌላ አታክልት ከሥሩ አያበቅልም የሚል ወቀሳ አለበት፤ ወቀሳውም ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ነገር ግን ርእሰ ከተማውን በስፍራው ያጸናው እርሱ መሆኑን መካድ አይቻልም።

በድንኳንና በሜዳ ማደር የነገሥታት ብቻ ልማድ አልነበረም። ሲራራ ነጋዴዎች አሞሌ ጨውና ሸማ፣ ቡናና ዝባድ ጭነው በነጋድራሳቸው መሪነት ሲጓዙ፣ ማታ በወንዝ ዳር ወይም በትልቅ ሾላ ሥር ጭነታቸውን አራግፈው፣ ከመካከል እሳት አንድደው፣ ሽፍታንና ጅብን በመፍራት በተራ እየጠበቁ ያድሩ ነበር። ክረምት ሲገባ ዐባይ ስለማይሻገር፣ ውሃው እስኪጐድል በማዶና በማዶ ይሰነብታሉ። እነዚህ ሰዎች በየዓመቱ ወደዚያው ማደሪያ ስለሚመለሱ የጥላውን ዛፍ አይነኩም፤ ዛሬ የቈረጡት ዛፍ ነገ ለራሳቸው ጥላ የሚያሳጣቸው መሆኑን ያውቁ ነበርና። በተመላሽ ሰውና በአንድ ጊዜ አላፊ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው።

የሰፈሩ ሥርዓት ፈጽሞ አልጠፋም፤ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተጠብቆ ይኖራል። ጥር 10 ቀን በከተራ ታቦታቱ ከየመንበራቸው ወጥተው ወደ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ፤ በወንዝ ዳር በድንኳን ያድራሉ፤ ካህናቱ ሌሊቱን በማኅሌትና በቅዳሴ፣ ሕዝቡም በሜዳው ላይ በእልልታና በዝማሬ ያነጋል። ድንኳኑ፣ በካህናት ራስ ላይ የሚሄደው ታቦት፣ መንገድ የሚለቅቀው ሕዝብ፣ እነዚህ ሁሉ አልቫሬስ በልብነ ድንግል ሰፈር ያያቸው ናቸው። የገዳማቱና የአድባራቱ ደንም እንዲሁ ነው፤ ዙሪያው በታረሰበት አገር ጽዱ፣ ወይራው፣ ኮሶውና ዝግባው ተርፎ የሚገኘው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ነው። ነገሥታቱ የቈረጡትን መነኮሳቱ ጠበቁት፤ የደጋው ዛፍ ዘሩ ያልጠፋውም በነርሱ ነው።

በእኛ ዘመን ብዙ ሰዎች ከከተማ ጭንቀት ዕረፍት ፈልገው ወደ ወንጪ፣ ወደ ላንጋኖ፣ ወደ ጣና ዳር፣ ወደ መናገሻ ሱባ ደን እየወጡ ድንኳን ተክለው ያድራሉ። ይህ መልካም ነው፤ አባቶቻችን የኖሩበትን ኑሮ ለአንድ ሌሊት መቅመስ፣ ለከዋክብቱና ለዱሩ ድምፅ ጆሮ መስጠት ነፍስን ያድሳል። ይሁን እንጂ የዛሬው ሰፋሪ ከጥንቱ የሚለይበት ነገር አለ። የጥንቱ ሰፈር የተወው አመድና ጉልቻ ነበረ፤ ይህንንም ዝናብ ያጥበው፣ ሣር ይሸፍነው ነበር። የዛሬው የሚተወው ላስቲክና ጠርሙስ ግን ዝናብ አያጥበውም፣ ምድርም አትበላውም። የጥንቱ ደን ሰፈሩ ሲርቅለት የሚያርፍበት ዘመን ነበረው፤ የዛሬው ደን ግን ትንሽ ነው፣ ጎብኚውም በየሳምንቱ ይመጣበታል።

ስለዚህ ድንኳን ይዞ ወደ ሐይቅና ወደ ደን ለሚወጣው ወገኔ ይህን ቃል እተዋለሁ። የወደቀውን ጭራሮ ልቀም እንጂ የቆመውን ዛፍ አትቍረጥ፤ ብትችል ስንቅህን እንደ ጥንቱ ወታደር እሳት የማይሻ አድርገው። ከውሃው ፈቀቅ ብለህ ስፈር፤ ሳሙናህንና ቈሻሻህን ወደ ምንጩ አታውርድ፤ ከአንተ በታች የሚቀዳ ሰው አለና። ያነደድከውን እሳት ውሃ አፍስሰህበት፣ አመዱን በእጅህ ዳስሰህ ተነሣ፤ ይዘኸው የመጣኸውንም ሁሉ ይዘኸው ተመለስ። የአገሩን ባላገርና የገዳሙን አበምኔት ሳታስፈቅድ በምድራቸው አትደር። ደግሞም አዲስ አበባ በተተከለ ዛፍ እንደ ጸናች አስብና፣ በሰፈርክበት አገር ቢፈቀድልህ አንድ የጽድ ወይም የወይራ ችግኝ ተክለህ ተነሣ። እንጨትና ውሃ ነገሥታትን አስነሥተው ያስለቀቁ ናቸው፤ እኛን የማያስለቅቁን ስንጠብቃቸው ብቻ ነው።